ከፖስታው ውጭ ያለችው ሳጥን

ሐሙስ

አሥራ አንድ ሰው በአንድ መድረክ ላይ። ትናንት ማታ ክርክሩን ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠን አየን። ሁሉም ፕሬዚዳንት መሆን ይፈልጋሉ፤ ሁሉም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ከሌላው ፓርቲ ጋር ገና አልተገናኙም። ይህ እርስ በርስ የሚጣጣሉበት ዙር ነው፤ ፕራይመሪ የሚሉት።

አሥራ አንድ ሱቅ በአንድ መደዳ ተከፍቶ አንድ ዓይነት ጨርቅ ሲሸጥ፣ ባለሱቁ የራሱን ጨርቅ ትቶ የጎረቤቱን ማጣጣል ይጀምራል። ትናንትም ያው ነው። ስለ ሕክምና ተጠየቁ፤ ስለ አጠገባቸው ሰው መለሱ።

ዘይነባ አንዷን ወደደቻት፣ ነርስ የነበረችውን ሴት። ሌሎቹ እየተደራረቡ ሲጮሁ እሷ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ።

«አየሃት? ሰው ሲናገር የምታዳምጥ እሷ ብቻ ናት።»

«ስላዳመጠች ነዋ የማትመረጠው» አልኳት። በትራስ መታችኝ።

ዛሬ የምርጫው ወረቀት መጣ። ደብዳቤያችን ሁሉ ወደ ሱቅ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ፖስታ፣ አንድ የኔ አንድ የሷ። ዘይነባ ዜግነቷን ያገኘችው አምና ነው። አገር ቤትም እዚህም ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። ፖስታውን እንደ ሠርግ ጥሪ ደጋግማ አየችው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የፖስታው ጀርባ ነው። ማንን እንደመረጥክ ከውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። የየትኛው ፓርቲ ሰው መሆንህን ግን ከውጭ፣ ፊርማህ አጠገብ ካሉት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች በአንዷ ላይ ምልክት አድርገህ ትናገራለህ። ከውጭ! በዋናው ምርጫ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ፕራይመሪውን እስከ ዛሬ ትቼው ስለኖርኩ አላወቅኩም።

ቡታጅራ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሳድግ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከአባቴ በስተቀር። መንግሥት ሲለዋወጥ ሱቁ ያልተዘጋው ለዚህ ይመስለኛል። እኔም እዚህ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ሻንጣና ልብስ ስሸጥ በዚያው መንገድ ነው የቆየሁት።

ደግሞ ጊዜው አይደለም። የሱቁ የኪራይ ውል በዚህ ወር ያልቃል። የአከራዩ ቢሮ ከእኔ ሁለት በር አልፎ ነው፤ መኪናው ላይ የለጠፈው የሌላኛውን ፓርቲ ነው። ፖስተኛው ከእኔ ሱቅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሱ ይገባል። ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬ ግን ይወዳል።

ዓርብ

አባባ ወልዴ ሻንጣ ሊያስመዝኑ መጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። ከኮታቸው ኪስ የምርጫ ወረቀታቸውን አወጡ።

«ከድር፣ እስቲ ይህን አሳየኝ። ምልክታቸው የታለ?»

«የምን ምልክት አባባ?»

«የዕጩዎቹ ነዋ! አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ አምፖል፣ አንዱ ማረሻ ምናምን የሚሉት። እኔ አገሬ የመረጥኩት በምልክት ነው።»

«እዚህ ስም ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው በስም ብቻ በምን ይለያል?»

ሳቅኩ። አሥራ አንዱንም ሁለት ሰዓት ሙሉ አይቼ እኔም አልለየኋቸውም።

«እሺ አንተ ማንን ልትመርጥ ነው?» አሉኝ።

«እሱን ይተዉኝ አባባ።»

ወደ ሚዛኑ እየጠቆሙ «አንተ ልጅ፣ ፓርቲህን ቀርቶ ክብደትህንም አትናገር!» አሉ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ዘይነባ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ አለች። ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ነው የምትንከባከበው፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ባንኮኒው ላይ ወረቀቷን ሞላች። ፊርማዋን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ተለማመደች። ከዚያ የፓርቲዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች፤ ወፍራም፣ ከመንገድ ማዶ የሚታይ።

«ፖስተኛው ሲመጣ ስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ፖስታውን ገለበጥኩ፣ መልሼ ገለበጥኩ። የዋጋ ወረቀት መለጠፊያዬ እዚያው ነበር። አንዷን የዋጋ ወረቀት ላጥኩና ሳጥኖቹ ላይ ለጠፍኳት። ልክክ አለች። ምርጫ ቢሮ ሲደርስ ልጠው ያዩታል፤ መንገድ ላይ ግን ማንም አያይም። ዘይነባ እንዳለችው መረጠች፣ እኔም ሱቄን ጠበቅኩ። ማንም አልተጎዳም።

ፖስተኛው ፖስታውን አይቶ «በቅናሽ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱን አብሬው ሳቅኩ። በብልሃቴ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

የኔን ገና አልሞላሁም።

ቅዳሜ

ሱቁ ሞልቶ ዋለ። ቴሌቪዥኑን ለእግር ኳስ ብዬ ብከፍተውም ሰው ወደ ምርጫው አዞረው። ሁለት ደንበኞች እንደ ኳስ ደጋፊ ተናቆሩ። አንደኛው «ያንተ ሰውዬ እኮ ሐውልት ነው፣ ካልነቀነቁት አይናገርም» ሲል ሌላው «ያንተ ደግሞ ካልተነቀለ ዝም አይልም» አለው። ሁለቱም ምንም ሳይገዙ ወጡ። በዚህ በኩል ምርጫ ለንግድ አይመችም።

እኔ ዕጩ የምመዝንበት የራሴ መንገድ አለኝ። ሻጭ ለገዢ ሁሌም ፈገግ ይላል፤ ከሱ ምንም አይታወቅም። የማይገዛውን ሰው እንዴት እንደሚሸኝ ነው የማየው። ዛሬ ከስብሰባዎቻቸው የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎች አየሁ። አንድ ሰው ተነስቶ «አልመርጥህም» ሲለው አንዱ ዕጩ ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ እጅ ዞረ። አንዷ ለካሜራው ሳቀች። አገረ ገዥ የነበረው ሰውዬ ግን «ይሁን፣ ስለመጣህ አመሰግናለሁ። ቅድም ታማለች ያልካት ልጅህ ሕክምና አገኘች?» አለው። ማስመሰልም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ልጅቷን አስታውሷል።

ዘይነባ በሥራ ቦታዋ ለሁሉም እንደመረጠች ተናግራለች። አንዲት የምትንከባከባቸው አሮጊት «ኮንግራጁሌሽንስ» ብለው እንዳጨበጨቡላት ስትነግረኝ ራሷም አጨበጨበች።

እሑድ

ልጃችን ሰሚራ ከዩኒቨርሲቲ ለምሳ መጣች። የእናቷን ስልክ ተቀብላ፣ ድምፅዋ የት እንደደረሰ ቴክስት እንዲመጣላት አደረገችላት። ከዚያ በራሷ ስልክ አንድ ነገር አየችና ቀና አለች።

«ማም… ሺ ድሮፕድ አውት።»

«ማን?»

«ዘ ነርስ። ዩር ነርስ።»

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ከውድድሩ ወጣች ነው የምትልሽ» አልኳት።

እኔ ደግሞ አፌ አላስቻለውም። «ሶ ድምፅሽ ባከነ ማለት ነው። ትንሽ ብትጠብቂ ጥሩ ነበር። ብዙ ሻጭ ባለበት መጀመሪያ ቀን አይገዛም።»

«እኔ ዕቃ አልገዛሁም» አለች። «የማስበውን ነው የተናገርኩት። እሷ ብትወጣ እኔ የተናገርኩት አይወጣም።»

ሰሚራ «ፔሬድ!» አለች፤ አበቃ ማለቷ ነው። ሁለት ለአንድ ሆኑብኝ።

ቆይቼ ሳስበው፣ ከአሥራ አንዱ ሌላ ሦስት ሊወጡ ነው ይባላል። ወረቀቱ ላይ ግን ስማቸው አለ። ባለቤቱ የዘጋው ሱቅ ታፔላ እንደሚቀረው ነው።

ሰኞ

አከራዩ መጣ። ስለ ውሉ ይሆናል ብዬ ተነሳሁ፤ ጣሪያው ያፈስሳል ወይ ሊለኝ ነው የመጣው። ውሉን ጠበቃው እያየው ነው አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉትን ዕጩዎች አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ያቺን ፖስታ ላይ ያለች ሳጥን አየሃት?» አለኝ።

ሸሚዝ ማጠፍ ጀመርኩ። አየኋት አልኩ።

«ስንት ዓመት ሙሉ መርጫለሁ። ፓርቲህን ፖስታ ላይ ጻፍ የሚለኝ ማነው? ምን አገባቸው? ባዶዋን ትቼ ላክኋት!»

«መኪናህ ላይ ለጥፈህ የለ እንዴ?»

«እሱን የለጠፍኩት እኔ ነኛ! ማን ጠየቀኝ?»

ሁለት በር ተራርቀን ሁለታችንም ከአንድ ሳጥን ጋር ስንጣላ ከርመናል። ልስቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ባዶ ከሆነ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም ይላሉ። አይቁጠሩታ!»

እሱ እንደወጣ የራሴን ወረቀት አውጥቼ መመሪያውን አነበብኩ። ሳጥኗ ካልተሞላች ድምፁ አይቆጠርም ይላል፤ በግልጽ፣ በደማቁ። ስለ ተሸፈነች ሳጥን የሚል የለም። ማን ይለጥፍባታል ብለው?

ይልጡታል፣ ምልክቱን ያዩታል። ካልላጡትስ? የኔ ሙጫ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሲላጥ ወረቀቱን ይዞ ነው የሚነሳው። ለዘይነባ አልነገርኳትም። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል።

ማክሰኞ

ሆነ። ዘይነባ ከሥራ ኮል አደረገች። ቴክስት መጥቷል፤ የፓርቲ ምርጫዋ ስላልታየ ድምፅዋ ተይዟል፣ እስኪስተካከል አይቆጠርም። ሰዓቷን ጨርሳ በቀጥታ ወደ ሱቅ መጣች።

«ምልክት አድርጌ ነበር እኮ። አንተም አይተሃል። ወይስ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያደረግኩት? እንግሊዝኛውን ሳልረዳው ቀርቼ ይሆን?»

የዜግነት ፈተናውን መጀመሪያ ጊዜ የወደቀች ቀን ያየሁት ፊት ነበር። ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትፈልግ ዝም ብዬ ባያት ኖሮ ታገኘው ነበር። ነገርኳት። ፖስተኛውን፣ አከራዩን፣ ውሉን፣ የለጠፍኩትን ወረቀት፣ ሁሉንም።

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም።

«ድምፄ ላይ ዋጋ ለጠፍክበት?»

«ዋጋ ብዬ ሳይሆን፣ እንዲሸፍን…»

«ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።»

አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ውሉ የኔም ነው፤ ሱቁ የኔም ነው። ፈራሁ ብትለኝ እኮ ላይብረሪው ጋ ያለው የምርጫ ሳጥን ውስጥ ራሴ እከተው ነበር። ፖስተኛውም አያይም፣ ማንም አያይም። አንተ ግን አልጠየቅከኝም። ገና አፌን ስከፍት እጅህን ጫንክበት።»

ላይብረሪው ጋ ያለውን ሳጥን በየቀኑ በመኪና አልፈዋለሁ። አላሰብኩትም። ለራሴ ብልህ ነኝ ስል ከርሜ ቀላሉን መንገድ ያየችው እሷ ናት።

ማታ ራት አቀረበች፤ በላን። ከ«ጨው አቀብለኝ» በቀር አላናገረችኝም።

ረቡዕ

ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ወደ ካውንቲው ምርጫ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ፎርሙን በኢሜይል መላክ ይቻላል ብላ ሰሚራ ነግራን ነበር። ዘይነባ «በእጄ ነው የምሰጠው» አለች። እኔም አልተከራከርኩም።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ ግን ያልጨረሰችው ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ወጣቱ ሠራተኛ ፎርሙን ሰጣት፤ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች። እሱ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃት በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «ማይ ሃዝባንድ» አለችው። «ሂ ፑትስ ፕራይስ ኦን ኤቭሪቲንግ።» ሁሉ ነገር ላይ ዋጋ ይለጥፋል ማለቷ ነው።

ልጁ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ የሚገባኝን ያህል።

የራሴን ወረቀት ይዤ ነበር። መኪናዋን ፓርክ ያደረግኩበት ተመልሰን ጉልበቴ ላይ ሞላሁት። የልጅቷን ሕመም ያስታወሰውን ሰውዬ መረጥኩ። ምርጫው እስኪያልቅ እሱም ካልወጣ። ሳጥኗ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ። ዘይነባ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር፤ ልታየኝ እንዳልፈለገች ታስታውቃለች። ምልክቱን አደረግኩ። ሄጄ ቢሮው በር ላይ ካለው የምርጫ ሳጥን ከተትኩት። ላይብረሪው እኮ ለሱቄ ይቀርበኝ ነበር።

ሐሙስ

ቴክስቱ ጠዋት መጣ። የዘይነባ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል። ሦስቴ አነበበችልኝ፤ ለሰሚራ ላከች፣ ለእህቷ ላከች።

ዛሬ ዕረፍቷ ስለሆነ ሱቅ ዋለች። ውሉ አሁንም አልመጣም። አከራዩ በደጅ ሲያልፍ እጁን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። ምን እያሰበ እንደሆነ አላውቅም። ባዶ የተወውን ሳጥን ሄዶ ሊሞላው እንደሚችል ልነግረው አስቤያለሁ፤ የሚሞላው ለየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ባውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኖርዝጌት ከሚባለው ሰፈር አንዲት ሴት ትልቅ ሻንጣ ፈልጋ መጣች። ዘይነባ ሻንጣውን እያሳየቻት ስለ ምርጫው አነሳች፤ ማንን እንደመረጠች፣ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆነች፣ ሁሉንም በሙሉ ድምፅዋ። ሴትዮዋ የሌላኛው ናት።

«እናንተ ናችሁ ኑሮውን የምታስወድዱት!» አለች።

«ኧረ እናንተ ናችሁ!» አለቻት ዘይነባ። «ያንን ሁሉ ቀረጥ ማን ጫነው?»

«ወይ አንቺ! ነርሷ ወጥታ የለ፣ አሁን ማንን ልትዪ ነው?»

«ወጣችም አልወጣችም ተቆጥሬያለሁ!»

እኔ ባንኮኒው ኋላ ሆኜ የማልፈልገውን ደረሰኝ ሳስተካክል ቆየሁ። ሁለት ጊዜ ጣልቃ ልገባ አሰብኩ፤ ሁለቴም ተውኩት። ተነታረኩ፣ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ፣ መልሰው ተነታረኩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሻንጣውን እየጎተተች ወደ እኔ መጣችና ካርዷን ሰጠችኝ። ቀንሱልኝ እንኳ አላለችም። ክርክሯን እዚያ ጨርሳው ነበር መሰለኝ።