በጆሮው ያልሽውን ጻፊልኝ

ሐይቅ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለሳጂዳ፣ ካለሽበት ይድረስሽ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወግ ቢሆን «እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ያንች ናፍቆት ብቻ ነው» ብዬ ነበር የምጀምረው። እንደዛ ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ደህና አይደለንም ሳጂዳ። ሙዓዝ ታሟል። መድኃኒቱ ደግሞ ያለው አንች ጋ ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይ። ስልክሽ ከሚያዝያ ወዲህ ዝግ ነው። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላህ ያውቃል፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ተኝቼም እሰማታለሁ። ሪያድ ለቤት ሥራ የላከሽ የደሴው ኤጀንሲ ዘንድ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ «እንጠይቃለን» አሉኝ፣ ቀጥሎ «ከቤቱ ወጥታለች ተብለናል» አሉኝ፣ አሁንማ ጭራሽ ጥበቃው ከበር ይመልሰኛል። ወጣች ማለት ወዴት? ሰው እንዲሁ ብን ብሎ ይወጣል እንዴ? ይህን ወረቀት የያዘችልሽ የጎረቤታችን የአብዱልጀባር ልጅ ዋሲላ ናት፤ ሪያድ መግባቷ ነው። የነበርሽበትን ቤት አድራሻ ሰጥቻታለሁ። እዚያ ካጣችሽ ያገራችን ሴቶች የሚገናኙበትን ሁሉ ልታስስልኝ ወላሂ ብላልኛለች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ትቆጪያለሽ፤ ተቆጪኝ፣ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

ሙዓዝ አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ያንችን ስልክ እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚቀመጠው። ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት አለቀ፣ ስልኩ ዝም። «እማ ተቆጥታኝ ነው?» ይለኛል። «ኔትወርክ ነው ልጄ፣ አብሽር» እለዋለሁ። ሰኔ ላይ ምግብ ተወ። ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ፣ እሾኹን አንድ በአንድ ለቅሜ ባቀርብለት ፊቱን አዞረ። የልጅ የጎን አጥንት ሲቆጠር ማየት እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! ያኔ ነው ሸይጧን ያማከረኝ። ኮምቦልቻ ለእህትሽ ለፈዲላ ደወልኩ። የሁለታችሁ ድምፅ አንድ ነው፤ እናታችሁ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በስልክ «የትኛዋ ነሽ?» ሳይሉ አያወሩም ነበር። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ሳጂዳን ሁኚልኝ» አልኳት። አለቀሰች፣ እምቢ አለች፣ ለመንኳት። አርብ ደወለች። ልጅሽ ያን ቀን ሁለት እንጀራ በላ።

አንድ ቀን ያልኩት ሦስት ወር ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ቢሆንም ልጁ እየበላ ነው፣ እየሳቀ ነው፣ ምን ላድርግ?

መስከረም ገባ። ትምህርት ገና አልተከፈተም፣ ልጁ ሱቅ ከኔ ጋር ይውላል። ያች አስፋልቱ ዳር ያለችው ሱቄ እንደ ዱሮዋ ናት፤ ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈን፣ መንዙማ፣ ፊልም እጭናለሁ። ዘንድሮ ገበያው የሚያስፈራ ፊልም ብቻ ሆኗል። የባጃጅ ልጆች «ባድሩ፣ ልብ ቀጥ የሚያደርግ ገብቷል?» እያሉ ነው የሚመጡት። አንዱን ከደሴ አመጣሁ፣ በአማርኛ የተተረጎመ። አንዲት እናት እንጨት ለቀማ ወጥታ ሳትመለስ ትቀራለች፤ ማታ ማታ በሷ ድምፅ የሚናገር ነገር በሩን ያንኳኳል። «ልጄ፣ መጣሁ፣ ክፈትልኝ» ይላል። ልጁ እናቱ ብቻ የምታውቀውን ነገር ይጠይቀዋል፤ ያ ነገር ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም። እኔ ለደንበኛ እየጫንኩ ነበር። ሙዓዝን ኮምፒውተሩ ላይ ካርቱን ከፍቼለት ትቼዋለሁ፤ ለካ እሱ ያኛውን ከፍቶ ከዳር እስከ ዳር አይቶታል።

አልጮኸም፣ አላለቀሰም። መጥቶ ሱሪዬን ያዘና «አባ፣ የሁሉንም ድምፅ የሚያወጣው አንድ ሰውዬ ነው?» አለኝ።

«እንዴታ!» አልኩት። «ተርጓሚው እኮ ነው። አባትየውንም፣ ልጁንም፣ እናትየዋንም፣ ጭራቁንም እሱው ነው የሚሆንላቸው።» ምላሴን በቆረጠው! ያም አልበቃኝ፣ ሙያተኛ ነኝ ብዬ፣ ጎረቤታችንን አያ ዝናውን ሆኜ «ኧረ ባድሩ፣ ይች ሬድዮ ዛሬም አልዳነችም?» አልኩለት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «እማንም መሆን ይችላል?» አለኝ። «የፈለገውን መሆን ይችላል» አልኩት፣ ሚሞሪ እየነቀልኩ፣ ፊቱን እንኳ ሳላይ።

በማግስቱ አርብ ፈዲላ ደወለች። ልጁ ሰላምታዋን እንኳ አልመለሰም። «እማ፣ መናኸሪያ በጆሮዬ ምን ነበር ያልሽኝ?» አላት።

ትዝ ይልሽ የለ? የሄድሽ ለት ሻንጣሽን ሚኒባሱ ላይ ሳስጭን፣ አንች ጎንበስ ብለሽ በጆሮው አንድ ነገር አልሽው፤ እሱም እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። አራት ዓመቱ ነበር። ምን እንዳልሽው ለኔም ነግሮኝ አያውቅም። ፈዲላ ከየት ታምጣው? «እወድሃለሁ ነዋ ያልኩህ፣ የኔ ዓለም» አለች።

ስልኩን እንደ ፍም ወረወረው። «እማ አይደለችም! አባ፣ እማን የሆነ ነገር ነው! እማን በልቷት ነው!» የጮኸው ጩኸት ጎረቤቱን በሙሉ አወጣው። እስከዛሬ ሰባት ጁምዓ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ስልክ አይገባም፤ ሱቅ ነው የማሳድረው። ትምህርት ተከፍቷል፣ እሱ አልሄደም። በር ሳንኳኳ በድምፄ አይከፍትልኝም። «አባ ነህ? ጠዋት ምን በላሁ?» ይለኛል ከውስጥ። በገዛ ቤቴ በር ቆሜ ፈተና እፈተናለሁ ሳጂዳ። አንድ ቀን ደክሞኝ «ቂንጬ» አልኩ፤ ለካ ዳቦ ነበር። ያን ለት በሩን ከነማጠፊያው ነቅዬ ነው የገባሁት። ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ተወሽቆ፣ ሽንቱ አምልጦት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀኝ። እኔን፣ አባቱን!

ያላደረግሁት የለም። ሸህ አብዱልከሪም ሦስት ቀን ቁርኣን ቀርተውበታል። አያ ዝናው፣ ሬድዮው ይቅርና እሱ ደህና ይሁን፣ በእግሩ ሄዶ ከእስጢፋኖስ ጸበል አምጥቶለታል፤ ያንንም አጠጣሁት፣ ማንም ክፉ አላለኝም። ደሴ ሐኪም አሳየሁት። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ አጫወተችው፣ አሳሳለችው፣ ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርታ «እናቱ የት ናት? በአካል መምጣት አለባት» አለችኝ። «ትመጣለች» ብያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል አላልኩም።

ትዝ ይልሻል፣ የኔን ፈሪነት ስታወሪ ሰዉን ሁሉ ታስቂብኝ ነበር። እውነትሽን ነው። በልጅነቴ እዚህ ቪዲዮ ቤት አንድ የሬሳ ፊልም አይቼ ሽንት ቤት ሳምንት ሙሉ በእህቴ ታጅቤ ነው የሄድኩት። በኋላ እናቴ ሰማችና «አንተ ጅል፣ ቀለም እኮ ነው፣ ውሸት እኮ ነው!» ብላ በኩርኩም አለችኝ። ለቀቀኝ። ውሸት ስለነበር ለቀቀኝ። ሙዓዝም ይጠይቀኛል። «አባ፣ ውሸት ነው በለኝ» ይላል፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ምን ልበል? ሌላ ሰው በእናቱ ድምፅ ሲያናግረው ነበር፤ ልጁ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያንን ነገር ቤቴ ያስገባሁት።

ለምን አትነግረውም ትይኛለሽ። ፈዲላም «እኔው መጥቼ ልንገረው፣ ፊቴን ሲያይ ይረዳል» አለች። ይሁን አልን። የዛሬ አስር ቀን መጣች። ግን ገና ከደጅ ሆና፣ ሆዷ አልችል ብሏት፣ «ሙዓዝዬ!» ብላ ተጣራች። ድምፁን ሲሰማ በጓሮ ወጣ። በየት እንዳለፈ ያየው የለም። ሰፈሩ ሁሉ ወጣልን፤ አዛን ሲል ድረስ ፈለግነው። ቢያድግልኝ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው ያገኘው፤ ሐይቁ ውስጥ፣ ቄጠማው መሀል፣ ውሃው እስከ አንገቱ። ታቅፎት ሲመጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። «ምነው ልጄ፣ ምነው?» ስለው «ውሃ ውስጥ ጆሮ አይሰማም ብዬ ነው» አለኝ።

ፈዲላ በዚያው ተመለሰች። ቢያድግልኝ ያን ቀን መረቡን ሊያይ ባይወጣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ አድርጌ ነበር የምጽፈው። ዋናም አያውቅም ልጅሽ። አሁን ሱቁን ዘግቼ ከጎኑ አልለይም። ግን እስከ መቼ? ለውሃ ስወርድ፣ ለሶላት ስቆም ልቤ እሱ ላይ ነው። «ፈዲላ ነበረች» ብለውስ፣ ቀጥሎ «ታዲያ እማ የት ናት?» ነው የሚለኝ። እሱን የምመልስበት የለኝም ሳጂዳ። እሱን ፈርቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

ትናንት ግን አንድ ነገር ሆነ። ለዋሲላ ወረቀት ልሰጣት እንደሆነ ሰማና ቀስ ብሎ መጣ። «ወረቀት ድምፅ የለውም» አለኝ። «የለውም» አልኩት። «እማ በጆሮዬ ያለችኝን ከጻፈችው አነበዋለሁ። ልክ ከሆነ እሷ ናት» አለ። ከሰባት ሳምንት ወዲህ ስምሽን ሳይንቀጠቀጥ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ፊደል ጨርሷል፣ ማንበብ ይችላል፤ ለኔ ማሳየትም የለብሽም፣ አጣጥፈሽ ስሙን ጻፊበት።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ መስመር ነው። ሐዋላ አልጠየቅሁሽም፣ ለምን ዝም አልሽም አልልሽም። ከቤቱ ሸሽተሽም እንደሆነ፣ ሌላ ሕይወት ጀምረሽም እንደሆነ፣ እኔን ጠልተሽኝም እንደሆነ፣ ከዚያም የባሰ ደርሶብሽ ለመናገር አፍረሽም እንደሆነ፣ አንድ ጥያቄ አልጠይቅሽም። ታስረሽም እንደሆነ ቁራጭ ወረቀት አይጠፋም። መናኸሪያ በጆሮው ያልሽውን ጻፊለት። ከቻልሽ ደግሞ ነይ። ያረቢ፣ ከቻልሽ ነይ።

አሁን የምጽፈውን ልጁ አያየውም፤ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል።

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው ሳጂዳ ካልሆንሽ፣ ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ እንደሆነ፣ አደራሽን ስሚኝ። አዝነሽ፣ አንጀትሽን በልተነው፣ እሷን መስለሽ እንዳትመልሽልን። ደግ ነገር እንዳይመስልሽ፤ እኔም ደግ ነገር መስሎኝ ነበር። አታውቂያት ከሆነ አላውቃትም በይኝ። የምታውቂያት ከሆነ ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ ያለችበትን፣ ወይም የተቀበረችበትን፣ በራስሽ ስም፣ ለኔ ለአባትየው ጻፊልኝ። ለልጁ እኔ እነግረዋለሁ። በሩን አንኳኩቼ፣ ጠዋት የበላውን በትክክል መልሼ፣ ገብቼ፣ በራሴ ድምፅ እነግረዋለሁ።

ሳጂዳዬ፣ አንች ከሆንሽ ግን ይህን የመጨረሻውን እንዳላነበብሽ ቁጠሪው። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ዓይን ይከልልሽ፣ መንገድሽን ወደኛ ያቅናው። አሚን በይ።

የሙዓዝ አባት
ባድሩ