«ስንት ወልደሻል?» ያለችኝ አዋላጅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን

ውድ ባለቤቴ፣

እዚያ መንገድ ሥራ ካምፕ አቧራው ጉሮሮህን ተወው ይሆን? እኔ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ሆዴም እኔም ደህና ነን። ንዴቴ ግን ከሆዴ እኩል እየገፋ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ የኔ ጉዳይ ሲነሳ ኔትወርክህ ይቆረጣል። ይህን ለስንቅ መኪናው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ወረቀት ግን አይቆረጥም።

ነገሩ የአዋላጇ ነው። መርጫለሁ፣ ጨርሻለሁ። እናትህ ግን ትናንት መጥተው፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ሆስፒታል ሞልቶ የግል አዋላጅ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» አሉኝ። እህትህ ደግሞ ከኋላቸው «ለመጀመሪያ ልጅ እንዲህ የሆነች፣ ሌላው ሲመጣማ!» ብላ ሳቀች። አንተም ካለህበት ሆነህ በአንድ መስመር መልእክት «እማዬን ስሚያት» አልከኝ። እሰይ! አንጀቴን አራስከው።

ቤት ውስጥ እወልዳለሁ አላልኩም እኮ! ስንቴ ልናገር? ሴትዮዋ እዚህ ድረስ እየመጣች ትከታተለኛለች፤ ምጥ ሲመጣ አብራኝ ሆስፒታል ትገባለች፤ በቃ። በባለፈው እርግዝናዬ ሆስፒታል ስምንት ሰው ነው ሆዴን የነካካው፤ ለአንዱ የነገርኩትን ሌላው አያውቀውም። «የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሷል» ስል፣ ተረኛዋ «የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው የምትደነግጪው» ብላ ወደ ቤት ሰደደችኝ። በማግስቱ ልጃችን በቀዶ ጥገና ሞታ ወጣች።

ደግሞ ዝም ብዬ አልመረጥኩም። ሦስት አይቻለሁ። አንደኛዋ እኔ ሳወራ ስልኳን እየነካካች «አይዞሽ» ትለኛለች። ሁለተኛዋ ማር ናት፤ ግን «ደም ቢበዛብኝ ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት «ክፉ አታስቢ» አለችኝ። እኔ ካላሰብኩት ማን ሊያስብልኝ ነው? ሦስተኛዋ የምትሠራው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ፈገግታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቃት መርፌውን፣ የምትደውልለትን ሐኪም፣ መኪናውን ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ከዚያ ደብተሯን ገልጣ «ስንት ወልደሻል?» አለችኝ።

ሌሎቹ ሁሉ የሚጠይቁት «ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው ነው። «የለኝም» እላለሁ፤ «የመጀመሪያ» ብለው ይጽፋሉ፤ አለቀ። ቤተሰብህም የሚቆጥረው እንደዚያው ነው። ይህችኛዋ ግን የጠየቀችኝ ስንት እንደወለድኩ ነው።

«አንድ» አልኳት።

«አለ?»

«የለችም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልቅሼ እስኪወጣልኝ ድረስ ጠበቀችኝ። እንግዲህ ቅብጠቴ ይቺ ናት!

ከዚያ ስለ ልጅቷ ትጠይቀኝ ጀመር። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር? ቆዳዋስ? ትንሽ ነበረች ወይስ ትልቅ? ለዚህኛው እርግዝና የሚጠቅመኝ ነገር ካለ ልወቀው አለችኝ። ምን ልመልስላት? እኔ ነቅቼ ራሴን እስካውቅ እናንተ ቀብራችሁ ተመልሳችኋል። «ማየት አይጠቅማትም» ብላችሁ ወሰናችሁልኝ። «ያቀፋት ሰው የለም?» አለችኝ። «ባሌ አቅፏታል» አልኳት። «እንግዲያው እሱን ጠይቂው።»

ይኸው እየጠየቅሁህ ነው። አዋላጇን አልቀይርም፤ ለእናትህ እንደሚመችህ አድርገህ ንገርልኝ። አንተ ግን ለአዋላጇ የሚሆነውን ሁሉ፣ ያየኸውን ሳትደብቅ ጻፍልኝ። በሌላ ወረቀት ደግሞ ለኔ ብቻ ጻፍልኝ። ፀጉር ነበራት? ማንን ትመስል ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ እንዳይከፋህ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ አንተም እንዳይከፋኝ ብለህ አልነገርከኝም። ከፍቶናል እኮ፤ ለየብቻችን ነው እንጂ።

ጤናህን አያጉድልብህ፤ የምትሠራው መንገድ በደህና ወደ ቤትህ ይመልስህ።

ነጭናጫዋ ሚስትህ