ስለ ጎደለችው ዓይንዎና ስለ ተባረረችው ሳህሊቱ

ለክቡር ጓድ ኃይለየሱስ፣
የኮሌጃችን የኪነ ጥበብና የነፃ ትምህርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
አሰበ ተፈሪ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን፣ ይልቁንም የዓይንዎን ጤና፣ ቸሩ አምላክ እንዲጠብቅልዎ በጸሎቴ አሳስባለሁ። በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ደጅዎ በቆምሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሐጂ ሙሄዲን ልግስና አመሰግናለሁ። እኚህ የመቻራ ቡና ነጋዴ ለሥዕል ትምህርትና ለችግረኛ ተማሪዎች ከሀብታቸው ሲለግሱ፣ ሙስሊም ሆነው ሳለ እኔን የቤተ ክርስቲያን ሰው አስተምር ብለው መረጡ። በአዲሱ አዳራሻችን ምረቃ በዓል የተመሰገነው ኮሚቴዎ ስለ ሆነ፣ እኔም ምስጋናዬን ለእርስዎ አቀርባለሁ።

አቤቱታዬ እነሆ።

አንደኛ፤ ለዚያው በዓል ምስልዎ እንዲሣል ሲያዝዙ የሰጡን ፎቶግራፍ፣ ወደ መጪው ብሩህ ዘመን አሻግረው ሲመለከቱ በጎን የተነሡት ነበር። በሐጂው ልግስና የምትማረው ሳህሊቱ፣ የአሰቦቷ መበለት የወይዘሮ ፈለቀች ልጅ፣ ያየችውን ሣለች፤ በጎን የቆመ ሰው ደግሞ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ሥዕሉ በአዳራሹ በር ሲሰቀል፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእና አሳዳጅ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ከልጅነቱ የሚያውቅ ሕዝብ ቆሞ ተመለከተ። ጠላ ነጋዴዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እኚህ ደግሞ የትኛውን ሰማዕት ያስገደሉ ናቸው ብለው ቢጠይቁ፣ ሳቁ እስከ ጫት ተራ ተሰማ። ይህን ልማድ ያቆዩት አባቶች ሞተው ስላመለጡዎት፣ በሕይወት ያለችውን ልጅ መቅጣትዎን ከትጋት ቆጥረንልዎታል።

ሦስተኛ፤ በማግሥቱ ፀረ አብዮት ብለው ነፃ ትምህርቷን ሰረዙ። ሐጂ ሙሄዲን ሊያማልዱ ቢመጡ፣ ልግስናቸውን በሁለት እጅዎ ተቀብለው ምልጃቸውን መለሱላቸው፤ ሽማግሌውን ባዶ እጃቸውን ላለመስደድ ያደረጉት መሆኑ አይጠፋንም።

ክቡር ሆይ፣ ምዝገባው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ይዘጋል። ሳህሊቱ አሰቦት ተመልሳ የሰው ፍየል ትጠብቃለች፤ ይህ ዓመት ካለፋት ወደ ትምህርት የሚመልሳት የለም። ብሩሽ ያስያዝኋት እኔ ነኝና ነገሩ በጸሎት መካከል እየመጣ ያውከኛል። ቅጣት ግድ ከሆነ መምህሯ በእጅዎ ነኝ፤ እርሷን ግን ወደ ወንበሯ ይመልሱልን።

ለዕድሜዎ ርዝመትን፣ ለቁጣዎ ግን ልክን እየለመነ የሚኖር፣
ትሑት አገልጋይዎ
መሪጌታ ገብሬ ወልደ ሰንበት፣
የሥዕል መምህር።
ጥቅምት ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሌላ ምስል ቢያሰኝዎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም ዓይኖችዎ ይሣሉልዎታል። የምትሥለው ግን ሳህሊቱ ናትና፣ ትክ ብለው ሊያዩአት የሚችሉ መሆንዎን አስቀድመው ያስታውቁን።