አለማየሁ የቆረጠው ማሞቂያ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ደረትሽስ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያለው ሱቄም እንደ ቀድሞው ነው።

ጎረቤትሽ ጸዳለ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ወንድሜ አለማየሁ ለእርቅ የላካቸውን ሽማግሌዎች እንደመለስሻቸው ነገረችኝ። «እናቱን በብርድ ሊገድል ለነበረ ልጅ ምርቃት የለኝም» አልሽ አሉ። ሰርጉ እዚሁ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እጮኛው እህተማርያም ደግሞ ያለ እናቱ ምርቃት ቀለበት አላስርም ብላለች። ስለዚህ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

መኪናዬ አሮጌ ቮልቮ ናት። የሞተሩን ሙቅ ውሃ ወደ ማሞቂያው የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለቻት። ያቺ ቫልቭ ባለፈው ሐምሌ ማንጠባጠብ ጀመረች። አለማየሁ አይቶ፣ «በሦስት ቀን ሌላ አስመጣለሁ፤ እስከዚያ መኪናዋ ትቁም» አለኝ። እኔ በማግስቱ ባተርሲ ካለው መጋዘን ለሱቄ የማነሳው በርበሬ ነበረኝ። «ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት፣ ጋራዥ ሳለህ፣ የስንቱን መኪና ማሞቂያ ቆርጠህ ጥለህ የለ? የኔንም ቁረጠው» አልኩት። «እትዬ፣ እሱ እኮ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ብርዱ ይመጣል» አለኝ። ሲመጣ እናየዋለን አልኩት። ቫልቯን አውጥቶ፣ ውሃው ወደ ማሞቂያው እንዳያልፍ የሞተሩን ሁለት የውሃ ጎማዎች እርስ በርስ አገናኛቸው። ኅዳር ላይ ሁለቴ አስታወሰኝ። በርበሬ ብርድ አይፈራም ብዬ ሳቅኩበት።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። በጥር ቪዛሽን ልናስራዝም ክሮይደን ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ስንሄድ በረዶ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ሰዓት ቆምን። ጥርስሽ ሲንገጫገጭ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የሞተሩ ሙቀት ልክ ነው፣ ማራገቢያውም ይነፍሳል አልኩሽ። ጎማዎቹን በእጄ እየዳበስኩ፣ እነዚህ ይሞቃሉ፣ ውሃው ግን ወደ ማሞቂያው አያልፍም ብዬ እንደ መካኒክ አስረዳሁሽ። ማን ነው የሠራት ስትይኝ፣ አለማየሁ አልኩሽ። አልዋሸሁም።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛሽ። እሱ ሊጠይቅሽ ሲገባ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽበት። መጀመሪያ እኔን አየኝ። እኔ ብርቱካን እልጥ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው እማዬ» አለሽ። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ፣ «ደህና ነጋዴ ነሽ፤ የተበላሸ ዕቃሽን ለወንድምሽ ሸጥሽው» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ረግጦት አያውቅም።

የቀን ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ። ክሮይደን የሄድንበትን ቀን ትናንት ገልጬ አነበብኩት። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «ረቡዕ። ሱቁ ዝግ ነው። የእማዬ ፓስፖርት እንዳይረሳ። ለእማዬ ሁለት ብርድ ልብስ መኪናው ውስጥ ይግባ።» ይህን የጻፍኩት ቤቴ ሆኜ ነው፤ ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።

ስለ ብርድ ልብሶቹ መርቀሽኛል። «አስቀድማ የምታስብልኝ ልጅ» ብለሽ ለሐኪሟ ጭምር አስተርጉመሽ ነገርሻት። አስተርጓሚዋም እኔው ነበርኩ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ማን ሠራት ብለሽ ጠየቅሽ፤ ማን አዘዘው ብለሽ አልጠየቅሽም። ልጆች ሳለንም የተሰበረ ነገር ሲገኝ የምትጣሪው እሱን ነበር፤ እኔም ይህን እያወቅሁ አደግሁ።

ይህን ደብዳቤ ጸዳለ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጮክ ብላ ታንብበው፤ የመለስሻቸው በሰው ፊት ነውና። ከዚያ ለአለማየሁ አንቺው ራስሽ ደውይለት። እኔ ለሰርጉ አልተጠራሁም። አንቺም ጥራት ብለሽ እንዳታስገድጂው።

የጌታ እናት ደረትሽን ትጠብቅልሽ፤ የልጅ ልጅ አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

ሴት ልጅሽ፣
ከለንደን