ኖር ለባላባቱ

ሰኞ

አባባ ቲያትር ሊሠሩ ነው። በሰባ ዓመታቸው! ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሠሩት አጥተው የበሩን ማጠፊያ ሲፈቱ ሲገጥሙ ነው የሚውሉት። ዛሬ ቀበሌ ስኳር ሊያመጡ ሄደው ባዶ ዘንቢል ይዘው፣ እየሳቁ ተመለሱ። የኪነት ልጆች ሽማግሌ ቸግሯቸው ኖሮ ሰልፍ ላይ አይተው ለምነዋቸዋል። ባላባት ሆነው ነው የሚጫወቱት። ስኳሩስ ብላቸው፣ ረስተውታል።

ማክሰኞ

ሥራ አልሠራሁም። የሚያሰጋኝ፦
– ቃላቸውን መርሳት
– ጉልበታቸው (መጨረሻ ላይ ገበሬዎቹ ይጥሏቸዋል)
– አፋቸው
ከሁሉ አፋቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፊት ነው የሚቀመጠው። በቀደም ጎረቤታችንን በአንዲት ቀልድ አሳስሮታል። ይቅርብዎ አልኳቸው። «በር ላይ ተቀምጬ ልሙትልህ?» አሉኝ።

ሐሙስ

ሚስቴ ከአሮጌ መጋረጃ ካባ ሰፋችላቸው። እሳቸው ደግሞ ቦሌ ሚካኤል ድረስ ሄደው ከዘራ ተውሰው መጡ። ራት ላይ «ጭሰኞቼ» ይሉናል። ጨምሩልኝ ብለው በሉ። ስንት ጊዜያቸው! ደስ አለኝ፤ እንቅልፍ ግን የለም።

ቅዳሜ

ያልፈራሁት መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ባላባቱ በከዘራ ገቡ። ፊት የተቀመጡት እናቶች ሽማግሌ ሲገባ አዩና ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። የኋላውም ተከተለ። እኔም ተነስቻለሁ፤ እግሬ ነው የተነሳው። የአባባ ቃል «ግብሬን አምጡ!» ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ እጅ ነሱና «በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ።
ለባላባት ሕዝብ ተነሳ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እግዜር ተጠራ። ሊቀ መንበሩን አየሁት። ቆሟል! ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ቶሎ ተቀመጠ።
ገበሬዎቹም ሊጥሏቸው አልደፈሩም። ክንዳቸውን ደግፈው አስቀመጧቸው።

እሁድ

ጠዋት የቀበሌ ጥበቃ መጣ። «አባት፣ ሊቀ መንበሩ ይፈልጉዎታል።» ቶሎ ቶሎ ያዝኩላቸው፦ ጋቢ፣ የዓይን መድኃኒት፣ ካልሲ። ቀበሌው በር ላይ ጋቢውን ታቅፌ ቆምኩ።
ብቻቸውን ወጡ።
«ምን አሉዎት?»
«ከባላባትነቱ ተሻርኩ።»
«ተመስገን።»
«የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኛለሁ። ሕዝቡ መነሳቱ ካልቀረ ለደህና ሰው ይነሳ አለ። በእግዜር የምትለዋን ግን ይተዋት ብሎኛል።»
«ታዲያ ኖር ሲሉዎት ምን ሊሉ ነው?»
አሁን ጓዳ ሆነው እየተለማመዱ ነው። ይገባሉ፣ ይቆማሉ፣ ዝም ይላሉ። እንደገና ይገባሉ። እስካሁን አላሏትም። እያዳመጥኩ ነው።