ከጁን ጋር ያስገባኸው እባብ

ትራቪስ፤
ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። እህቴ ኖርማ ጋ ነኝ፤ እንዳትደውልልኝ።

ቅዳሜ የገዛኸው፣ የወተት እባብ የሚሉት መርዝ አልባ እባብ ዝርያው የቱ እንደሆነ ለማወቅ፣ ቆዳው ላይ ያሉትን ቀለበቶች ከኔዋ እባብ ከጁን ጋር ላነጻጽር ስትል "አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳታስገባቸው፣ እርስ በርስ ይበላላሉ" አላልኩህም? ሳቅክብኝ።
"አንቺ ደግሞ! ሁለቱም የፑዌብላ ዝርያ ናቸው፤ ዘመዳሞች እኮ ናቸው!"

ሥራ እስክሄድልህ ጠብቀህ አስገባሃቸው። ስመለስ ካንተው እባብ አፍ ውጪ የቀረው የጁን ጭራ ብቻ ነበር። አንተ ደግሞ "ፎቶ ላነሳቸው ብዬ ነው፣ ስልክ ሲደወልልኝ ረሳኋቸው" ትለኛለህ።
ከእንቁላል ስትወጣ ጀምሮ ያሳደግኳትን ጁንን "ረሳኋት" ይባላል!

ለነገሩ ያንተው የፑዌብላ አይደለም። ቀዩ ቀለበት ሰፊ፣ ነጩ ጠባብ ነው፤ የሲናሎዋ ነው። ብትጠይቀኝ አንዴ አይቼ እነግርህ ነበር።

በሱ አልፈርድም፤ እባብ ነው። ማሞቂያውን እንዳታጠፋበት። በእጅህም አታንሳው፣ የዋጣትን ያስታውካል። እሷን እንደዚያ ሆና እንድታያት አልፈልግም።

ለሁለት ሳምንት ምግብ አትስጠው። ጠግቧል።

ሎርና