ጓንት ጠይቄ ቶነር ስለማግኘቴ

ለተከበሩ የሆቴላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለእጆችዎ ደህንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በምድር ቤቱ የእጥበት ክፍል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእንግዳ አንሶላ በበረኪና ሳነጣ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ ቢሮዎ ድረስ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ስጦታዎ አመሰግናለሁ። በሦስቱም ማመልከቻዎች የጠየቅሁት የጎማ ጓንት ነበር፤ የቀድሞዎቹ ተቀዳደው ካለቁ ዓመት አልፏቸዋል። እርስዎ ግን አርቀው አስበው፣ ከእንግዶች የውበት ክፍል የተረፈውን፣ የተጎዳ ቆዳ ይጠግናል፣ የተቆጣውን ያረጋጋል የተባለለትን ቶነር የሚሉትን የፊት ውሃ በሠራተኞች ቀን አንዳንድ ጠርሙስ አደሉን። ከእጅዎ ስንቀበል ፎቶ ተነስተናል፤ እርስዎ በደንብ ወጥተዋል።

ሁለተኛ፦ የጠርሙሱ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ መመሪያውን ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዬ አነበበችልኝ። ፊትን ታጥቦ፣ ጥቂት ጠብታ በጣት ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ቀብቶ፣ ቅዝቃዜው እስኪሰማ መጠበቅ ነው። ጠበቅሁ። ፊቴ ላይ ተሰማኝ፤ ጣቶቼ ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ፊቴን ትቼ ጣቶቼን መቀባት ጀመርኩ። እውነቱን ልመስክር፣ ስንጥቁ ጠግጎ መቅላቱም ቀንሶልኛል፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ያንኑ እጅ በማግስቱ ያለ ጓንት በረኪና ውስጥ ስለምከተው ብቻ፣ ቶነሩ ማታ ቤቴ ውስጥ የጠገነውን በረኪናው እስከ ረፋድ ያፈርሰዋል።

ሦስተኛ፦ በሩ ላይ ስላስተከሉት የጣት አሻራ ማሽን። የጣቴ መስመሮች በበረኪና ስለተበሉ ማሽኑ አያውቀኝም። አሥሩንም ጣት በየተራ አስነክቼዋለሁ፤ ቀይ ያበራል። ጥበቃው «እማማ፣ እኔማ አይቼዎታለሁ፤ እሱ ነው አላይም ያለው» ብሎ ያስገባኛል፤ ሙሉ ቀን አጥቤ እወጣለሁ። በዚህ ወር ዘጠኝ ቀን ቀርታለች ተብያለሁ። በእነዚያ ቀኖች አንሶላዎቹን ማን እንዳጠባቸው እስካሁን አልተጣራም። አንድ ቀን ቢደግሙ ይሰናበታሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ትናንት ደረሰኝ፤ ሳነበው ምንም አልተሰማኝም፤ እኔንም ገረመኝ። ዛሬም ቀይ ስላበራ፣ ይህን የምጽፍልዎ ተሰናብቼ ይሁን ሥራ ላይ ሆኜ በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም።

አራተኛው የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ስላልሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው እሑድ ልጄ «እማዬ፣ ልጁ አተኩሶታል እንዴ? እስቲ ንኪልኝ» ብላ የልጅ ልጄን አቀበለችኝ። ግንባሩን ዳሰስኩትና ደህና ነው አልኳት። ትኩሳቱን ያወቀችው ከሰዓት በኋላ ልትጠይቀን የመጣችው ጎረቤታችን ናት። ልጁ ድኗል። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱን የማየው በከንፈሬ ነው። ያን ቀን ፈርቻለሁ። ስለ ሥራዬ ግን ገና አልፈራሁም፤ ተራው ሲደርስ እፈራ ይሆናል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ጥንድ ጓንትና ስሜ በብዕር የሚጻፍበት አንድ ደብተር ብቻ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎና ስለ ለሰለሰው ፊቴ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ውሳኔዎን በእነዚሁ እጆች ለመቀበል የምጠባበቅ፣

በማሽኑ ዘንድ የሌለችው፣ በምድር ቤት ያለችው አጣቢዎ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያው እንደደረሰኝ በአውራ ጣቴ አሻራ እንዳረጋግጥ በታዘዝኩት መሠረት ቀለም ነክቼ ተጭኛለሁ። ጸሐፊዎ «ተበላሽቷል፣ ይድገሙት» ስላለችኝ አራት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። በማስጠንቀቂያው ወረቀት ግርጌ የሚያዩዋቸው መስመር አልባ አራት ሰማያዊ ክቦች የፈሰሰ ቀለም አይደሉም፤ እኔ ነኝ።